ከቤሌ የሚላከው ቅቤ

ሶዶ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ አሳየሽ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጉልበትዎን እንዴት ያደርግዎታል? ጆሮዎን እንኳ አልጠይቅም፤ ጆሮዎ ቢሰማ ኖሮ ስልክ ደውዬ በአምስት ደቂቃ እገላገል ነበር። ባለቤቴ ልጅዎ ኤልሳዕ ከአርባ ምንጭ በደወለ ቁጥር «ለእናቴ ጻፊላት እንጂ፣ ቶማ ረቡዕ ረቡዕ ሚኒባሱን ይዞ ቤሌ ይወጣ የለ?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ይኸው ጻፍኩ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ።

ለጠየቁኝ ሁሉ ልመልስ። አዎ፣ የልጅ ልጅዎ ሶልያና ከሐኪም ቤት ወጥታለች። የለም፣ መድኃኒቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምግቧ ነው። ሁለት ዓይነት ኪኒን እየዋጠችም መውደቋ አልቆም ስላለ፣ ሐኪሙ ጤፉም፣ በቆሎውም፣ እሱ ጎደሬ የሚለው ቦይናውም፣ ስኳር ድንቹም፣ ሙዙም ማሩም ይቅር አለ። በቅቤ፣ በእንቁላል፣ በሥጋና በጎመን ትኑር ነው የሚለው። ሰውነቷ እህል ሲያጣ ቅቤውን ማንደድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚጥላት ነገር ይረግብላታል። በሁሉም ልጅ ላይ አይሠራም። «ሦስት ወር ሞክሩት፤ ካልያዘላት ከዚህ ሌላ በእጄ ያለ ነገር የለም» ብሎ በግልጽ ነገረኝ።

ምግቡን በትንሽ ሚዛን እየመዘንኩ ነው የምሰጣት። ጠዋት ጠዋት ሽንቷ ውስጥ ቀጭን ወረቀት እነክራለሁ። ወረቀቱ ወይን ጠጅ ከሆነ ምግቡ ይዟል፤ ከነጣ አንድ ነገር ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደሚከብድ ነግረውኝ ነበር። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ነው፣ እማዬ። የበላችውን ታስመልሳለች። ራሴን ራሴን ትላለች። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ስትነቃ ውሃ ውሃ ትላለች። ሆዷ ደርቋል፤ ትንፋሿ የከረመ ፍራፍሬ ይሸታል። ትናንት ወደ ደጅ ልትወጣ ብድግ ብትል እግሯ ከዳትና ቁጭ አለች። «እማዬ፣ አንዲት ቦይና ብቻ» ብላ ለመነችኝ። ፊቴን አዞርኩ።

የምግብ ባለሙያዋ ያለችኝን አደርጋለሁ፦ ጨው ጣል የተደረገበት የአጥንት መረቅ በማንኪያ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ምግቡን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ። እንቅልፉ ከብዶ አልነቃ ካለች ወዲያው አምጪያት ብላኛለች። በዐሥር ቀን ውስጥ ያልፋል ይላሉ።

ቅቤ ይላኩልኝ። የገበያውን አላምነውም፤ ሙዝ ሳይቀር ይቀላቅሉበታል ይባላል። ከእርስዎ ላም የወጣ ከሆነ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እሰጣታለሁ።

ልጅዎ ክብረት


ቤሌ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ክብረት፣

የጌታ ሰላም በቤትሽ ይሁን። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው ብለሽ ለኤልሳዕ እንደነገርሽው ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ለእንዲህ ያለው ነገር ይሰማል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የተማረች ሴት ከዚህ የተሻለ አትጽፍም፤ አስተማሪ ነሽና ታገሺኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቅቤ የሚበላ ሰው አውቃለሁ። እህል ትቶ ቅቤ የሚበላ ሰው ግን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አላየሁም። ሐኪሙን አልነቅፍም። ባለፈው መስከረም፣ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ፣ ሶሊ ምድጃው ላይ ስትወድቅ እጇን ከፍሙ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠባሳውን አንቺ በየቀኑ ታዪዋለሽ፤ ጩኸቷ ደግሞ እኔ ጋ ቀርቷል። ያ ነገር ይቁም እንጂ ምንም ቢያበሏት አልቃወምም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጥቂት ገንፎ፣ የሕፃን መዳፍ የምታህል፣ በቅቤ አርሰሽ ብታቀምሻት ምን ይላል? እግሯ ከዳት ያልሽው ከልቤ አልወጣ አለኝ። ልጅ እህል አጥቶ ሲደክም አይቻለሁ። የኤልሳዕን ታላቅ እህት ነገር አንድ ቀን እነግርሻለሁ፤ ዛሬ አይሆንልኝም።

ቅቤውን ቶማ ይዞልሻል። ትናንት ነው የተናጠው። አንቺም ትንሽ ቅመሺ፤ ከስታለች ብሎኛል ቶማ።

እናትሽ አሳየሽ


ሶዶ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ ጌታ ይመስገን እንድል ይፍቀዱልኝና ልጀምር።

ማስመለሱ ቆመ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ ራሷ ጫማዋን አደረገች። ራስ ምታቱም የለም። ወረቀቱ እንደ በሰለ ወይን ጠቁሮ ወጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በቀን አንዴ ሁለቴ የምትወድቀው ልጅ ስምንት ቀን ሙሉ አልወደቀችም! ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔም ለማንም አላወራሁም፤ ለእርስዎና ለኤልሳዕ ብቻ ነው።

ለጥያቄዎ መልሴ አይሆንም ነው። የሕፃን መዳፍ ቀርቶ የጥፍር ጫፍ የምታህልም አይሆንም። አይቆጡኝ። እኔም አንጀቴ የሚንሰፈሰፍ ሰው ነኝ። ሶሊን በጎረቤታችን በፈቲያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ዳቦ ሲወርድ ሸትቷት ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። ክብደቷ አንድ ኪሎ ቀንሷል። ይህን ባልጽፍልዎ ይሻል ነበር፤ ግን ለማን ልጻፈው?

ቅቤዎ እኮ ያስጎመጃል። ሌላ ይላኩልን።

ልጅዎ ክብረት


ቤሌ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስምንት ቀን ማለትሽን ለላሚቱም ነግሬያታለሁ። ተመስገን ነው።

ይህን ቅቤ በራሴ እጅ አሽቼ ነው የላክሁልሽ። ለሶሊ ብቻ ስጫት፣ ለሰው አታካፍዪው፣ ሳትቆጥቢ ስጫት። ኪሎዋን ደግሞ መዝነሽ ጻፊልኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ቶማ ጡሩምባውን እያሰማ ነው ይሉኛል።

አሳየሽ


ሶዶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ስላልኩ ተቀይመዋል። የሚጻፍ ደግ ወሬ አጥቼ ነው።

ወረቀቱ ነጣ። መጀመሪያ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ውሃ የነካው ይመስል ደበዘዘ። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ልብሷን እያለበስኳት እጄ ላይ ወደቀች። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የሰው ሚዛን ተውሼ መዘንኩ፤ ልክ ነው። እንቁላሉን ቆጠርኩ፤ ጎመኑን ቀነስኩ። ኪሎዋን ጠይቀውኛል፤ ጨምሯል። ይህ ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ አስፈራኝ፤ አንድ ሰው በስውር እያበላት ነው ማለት ነው።

ፈቲያ ናት ብዬ ጠረጠርኩ። ሶሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ እስክደርስ ሱቋ ነው የምትቀመጠው። ሄጄ በሰው ፊት «ለልጄ ከረሜላ የምትሰጪያት ምን በድዬሽ ነው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ክብረት፣ በረመዳን፣ በጾሜ ልዋሽሽ?» አለች። እኔም አላመንኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶሊን ሱቋ አላስደርስም። ሰላምታም የለንም።

ሌላም ነገር ልጠይቅዎ። ቅቤው ሲቀልጥ ድስቱ ሥር ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፤ የፊተኛው እንዲህ አልነበረም። ላሚቱ መኖ ተቀይሮባታል እንዴ?

ልጅዎ ክብረት


ቤሌ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብረት፣

ዝቃጩ አሬራ ነው። በደንብ አላጠብኩት ይሆናል። ጉልበቴ አሞኝ ስለሰነበትኩ አጭር ብጽፍ አትታዘቢኝ። ሶሊን ሳሚልኝ።

ለጎረቤትሽ ክፉ አትናገሪ።

አሳየሽ


ሶዶ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ ጉልበትዎ ጽፈው ስለ ሶሊ አንድም ነገር አለመጠየቅዎ ገርሞኛል። ደክሞዎት ይሆናል። ሁላችንም ደክሞናል።

በዚህ ሳምንት ሰባት ጊዜ ወደቀች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረጃው ላይ ወድቃ ግንባሯ ተሰነጠቀ፤ አራት ቦታ ተሰፋ። ሰው ክብሪት አጫጭሮ ሊያሸታት ሲጋፋ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቷን በጭኔ ይዤ «ራቁላት» እላለሁ። ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ ምን ነበር መሰለዎት? «እኔ ምንም አልሰረቅሁም፣ እማዬ» አለችኝ። ለካ ስጠረጥራት ታውቀው ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ።

ከኤልሳዕ ጋር ተነጋግረናል። ሰኞ፣ መጋቢት 22፣ ቀጠሮ አለን። ምግቡ አልያዘላትም ብዬ ለሐኪሙ ልነግረውና ላቋርጠው ነው። ቢያንስ ቦይናዋን በልታ ትውደቅ። እንግዲህ ቅቤ ለመላክ አይድከሙ።

እስከ ዛሬ ስለደከሙልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጅዎ ክብረት


ቤሌ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብረት፣

ሰላምታ አልጽፍም፤ ሰላምሽን የነሣሁሽ እኔ ነኝ።

ሰኞ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ምግቡ አልያዘላትም እንዳትዪ። ይዞላት ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቅቤው ውስጥ ቡላ አለበት።

ከየካቲት 13 ወዲህ የላክሁት ሁሉ፣ ሦስቱም ባልዲ፣ ሁለት እጅ ቅቤ አንድ እጅ ቡላ ነው። አድርቄ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ በእጄ አሸሁት። ነጭ በነጭ ነው፤ ሰው አይለየውም። ድስትሽ ሥር የሚቀረው እሱ ነው። አሬራ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። መጽሐፍ ቅዱሴን አጥፌ አስቀምጬ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ዋሸሁሽ። ፈቲያ ንጹሕ ሴት ናት። ሶሊም ምንም አልሰረቀችም።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ማመካኛ አድርገሽ ግን አትቁጠሪልኝ። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ኤልሳዕ አልተወለደም። የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችኝ። የጓሯችንን እንሰት ነቅለን ጨርሰናል። ልጄ መጀመሪያ ማልቀስ ተወች፤ ከዚያ እግሯ ከዳት። ደጃፍ ተቀምጣ «ቡላ፣ ቡላ» ትለኛለች። አንድ ማንኪያ ፍለጋ መንደሩን ሁሉ ዞርኩ፤ አጣሁ። ስመለስ ዓይኗ ክፍት ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ቡላ ጠፍቶ አያውቅም። አንቺ እግሯ ከዳት፣ ኪሎዋ ቀነሰ ብለሽ ስትጽፊልኝ ለእኔ የታየችኝ ሶሊ አይደለችም። አራስም በሽተኛም በቡላ ነው የሚጠናው፤ እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ትንሽ ነገር ምን ይጎዳታል አልኩ። ወረቀቱ ነጣ ብለሽ ስትጽፊ ገባኝ፤ ግን አፈርኩ። አፍሬ ሌላ ባልዲ ላክሁ፤ ድንገት ብተወው ዝቃጩ ጠፍቶ ታውቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ። እኔ ግን ደም ነው የለቀለቅኋት፤ ያ ግንባሯ በእኔ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል፣ እኔ እስኪጠራ ብጠብቅ ልጅቷ ታልቃለች። ቶማን ይህን ወረቀት መንገድ ሳይቆም ቤትሽ ድረስ እንዲያደርስ ለምኜዋለሁ። እኔን ጥዪኝ። ምግቡን ግን አታስቁሚባት።

አሳየሽ


ሶዶ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አሳየሽ፣

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። የቀረውን ቅቤ ጥጄ አየሁት፤ ሥሩ እንደ ገንፎ ረጋ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በንዴት ነው። ንዴቱ አሁንም አልወጣልኝም። አልወጣልኝም የምለው ከእንግዲህ ውሸት በቃን ብዬ ነው።

ሐኪሙ አላቋረጠውም። ያ ስምንት ቀን እውነተኛ ነበር አለ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ አለን። ቡላው ከቀረ ከሐሙስ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ መጥቷል። ማስመለሱም፣ ራስ ምታቱም፣ እግር መክዳቱም። ዛሬ መረቁን በማንኪያ ሳጎርሳት «ይሄንን እኮ ጨርሼዋለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ ፈቲያ ደጅ ሄድኩ። የማይጠቅም ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱንም አልጨረስኩት። «ነገ ዒድ ነው፣ ግቢ» አለችኝ። በዒዱ ለሶሊ ለብቻዋ ጨው ብቻ የገባበት ሥጋ ቀቅላ ጠበቀችን። ቅቤም ከዘመዶቿ እንደምታስመጣልኝ ነግራኛለች።

ባዶውን ባልዲ ቶማ ያደርስልዎታል። እስክጽፍልዎ ድረስ ምንም አይላኩ።

የዚያች ልጅ ስሟን ግን አልጻፉልኝም።

ክብረት


ቤሌ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብረት፣

ወይዘሮ ያልሽኝ ይገባኛል።

ስሟ ብርሃኔ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በአፌ አልጠራሁትም፤ በእጄ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኤልሳዕም አያውቀውም፤ ንገሪው።

ያደረግሁትን ልንገርሽ፤ አትቆጪ፣ አልፏል። ባልዲው ባዶውን የመጣ ዕለት፣ ሶሊ የምትበላውን እኔም ልብላ ብዬ ወሰንኩ። ጾም ጸሎት መያዝ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ሌላ ነው። እህል አልነካሁም፣ ቡላም አልነካሁም፤ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ጥቂት ሥጋ። በሁለተኛው ቀን ራሴ በመዶሻ የሚመታ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን አስመለሰኝ፣ ጉልበቴ ተልፈሰፈሰ፣ ዓለም ሁሉ አስጠላኝ። ላሚቱን ሳይቀር ተሳደብኩ። የጥር ደብዳቤሽን አውጥቼ የጻፍሽውን በተራ አደረግሁ፤ መረቁን ከነጨው፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ፣ ምግቡን በትንሽ በትንሹ። ቡላ ያለበት ማሰሮ አጠገቤ ነበር። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልደብቅሽም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ራሴ ቀለለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ረሃብ አይደለም፣ ልጄ። ረሃብን እኔ አውቀዋለሁ። ረሃብ በየቀኑ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይተውም። ይህ ግን ያልፋል። አንቺ ያልፋል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔ ግን በብርሃኔ ዓይን ነው ያነበብኩት።

ለሶሊ እንዲህ በያት፦ አያትሽም አስመልሷታል፣ አያትሽም ራሷን አሟታል፣ በስድስተኛው ቀን ተነሥታ ላሟን አልባለች።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም፤ ሲመጣልሽ ይመጣል።

አሳየሽ


ሶዶ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

መጀመሪያ ልቆጣዎት። በዚያ ዕድሜ፣ ሐኪም ሳያይዎት፣ ብቻዎን ቤት ዘግተው እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል? ወድቀው ቢሆን ማን ያነሣዎታል? ሁለተኛ እንዳይሞክሩት። ኤልሳዕ ሲሰማ ጮኸብኝ፤ እኔ ያዘዝኩዎ ይመስል። የእህቱን ስም ስነግረው ግን ደግሜ እንድጠራለት ለመነኝ።

መልስ ሳልሰጥዎ ይህን ያህል ቆየሁ። ንዴቴ እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ ሁሉም አልወጣም፣ አብዛኛው ግን ወጥቷል።

አርባ አምስት ቀን ሆናት። አርባ አምስት ቀን፣ እማዬ፣ አንድም ጊዜ አልወደቀችም። ወረቀቱ ጠዋት ጠዋት ጠቁሮ ይወጣል፤ ራሷ ነክራ ራሷ ታነባለች። ሁለተኛው የመጀመሪያ ሳምንት ከፊተኛው ይልቅ ከብዷት ሁለት ሳምንት ዘልቆ ነበር። ደብዳቤዎ በደረሰ ዕለት ማንኪያውን ገፍታ አልበላም ስትል አነበብኩላት። «አያቴም አስመለሳት?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ላሟን ተሳደበች?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።

ብርሃኔ የምትባል አክስት እንደነበረቻትም ነግሬያታለሁ። ምን ትወድ እንደነበር ጠይቃኛለች። እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ይጻፉላት።

ፈቲያ ያስመጣችልን ቅቤ ሊያልቅ ነው። ባልዲው እርስዎ ጋ ነው፤ በዚህ ሳምንት ለቶማ ሞልተው ይስጡት። ድስት ላይ ጥጄ ሥሩን ሳላይ አልሰጣትም። ከእንግዲህ የማንንም ቅቤ ዓይኔን ጨፍኜ አልሰጣትም፣ የእርስዎንም ቢሆን። ቢሆንም የእርስዎ ይምጣልን።

ልጅዎ ክብረት